ኦርክኒ ወይስ ሼትላንድ? አንዱን ብቻ ለሚመርጥ መንገደኛ

የሁዳዴ ጾም በተፈታ ሰሞን ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ደዋዮቹ ለንደን፣ ሊድስ፣ አንዳንዴም ዋሽንግተን የሚኖሩ ወዳጆቼ ናቸው። ጥያቄያቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "አንተ እነዚያን የሰሜን ደሴቶች ታውቃቸዋለህ፤ ኦርክኒ ይሻላል ወይስ ሼትላንድ?" አብዛኞቹ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም አዳርሰው ለመመለስ አስበዋል። እኔም በመጀመሪያ ጉዞዬ እንደዚያው አስቤ ነበር። ያተረፍኩት የባሕር ሕመምና የሁለት ወደቦች መጠበቂያ አዳራሽ ትዝታ ነው። ስለዚህ አንዱን ምረጡ፣ ሌላውን ለሌላ ዓመት አቆዩት። የትኛውን የሚለው ደግሞ ስንት ሌሊት እንዳላችሁ፣ ሆዳችሁ ባሕር መቻል አለመቻሉንና ምን ስታዩ ሰዓት እንደምትረሱ ይወሰናል።

ሁለቱም የስኮትላንድ ናቸው። ኦርክኒ ወደ 70 የሚጠጉ ደሴቶች ሲሆን ሰው የሚኖርባቸው 20 ያህሉ ናቸው። ሼትላንድ ወደ 100 ይጠጋል፤ የሚኖርባቸው 16 ያህል ብቻ ናቸው። የሕዝባቸው ቁጥር ተቀራራቢ ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ22,000 እስከ 23,000 ሰው ይይዛሉ። ልዩነቱ ያለው ርቀቱ ላይ ነው። ኦርክኒን ከስኮትላንድ ጠረፍ ቆሞ በዓይን ማየት ይቻላል። የሼትላንድ ዋና ከተማ ለርዊክ ግን ከስኮትላንዷ ወደብ ከአበርዲን ያላት ርቀት በኖርዌይ ካለችው ከበርገን ካላት ርቀት ጋር ተቀራራቢ ነው።

ኖርዌይን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሁለቱም ደሴቶች ለብዙ መቶ ዓመታት የኖርዌይ ነገሥታት ግዛት ነበሩ። የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ የነበረው ቀዳማዊ ክርስቲያን ልጁን ማርግሬትን ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለሣልሳዊ ጄምስ ሲድር፣ ሊሰጥ የተዋዋለው ገንዘብ አልሞላለትም። በ1468 ኦርክኒን በ50,000 ፍሎሪን፣ በቀጣዩ ዓመት ሼትላንድን በ8,000 ፍሎሪን በመያዣ ሰጠ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የእኛ አገር ሰው ወለድ አገድ ቢለው ያስኬዳል። ዕዳው ሳይከፈል፣ መያዣውም ሳይመለስ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። የቦታ ስሞቹ፣ የሰው ስሞቹና አንዳንድ ቃላቱ አሁንም የሰሜን ሰዎች፣ ማለትም የድሮ ኖርዌያውያን፣ ናቸው። አንድ ሰው "ትንሽ" ለማለት "ፒዲ" ካለ የኦርክኒ፣ "ፒሪ" ካለ የሼትላንድ ሰው መሆኑን ትለያላችሁ።

ደሴተኞቹ ራሳቸው ልዩነታቸውን በአንድ አባባል ይጨርሱታል፤ የኦርክኒ ሰው ጀልባ ያለው ገበሬ ነው፣ የሼትላንድ ሰው ማሳ ያለው ዓሣ አጥማጅ ነው። ብዙ ጊዜ ሄጄ ካየሁ በኋላም ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁም።

መንገዱ

ወደ ኦርክኒ በመኪና ለሚሄድ ከስክራብስተር ተነስቶ ስትሮምነስ የሚገባው መርከብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስድበታል። ከጊልስ ቤይ የሚነሳው ከዚያም ያጥራል። የስክራብስተሩን መርጣችሁ ከመርከቡ ጣሪያ ላይ ቁሙ፤ 137 ሜትር ከፍታ ያለው "የሆይ ሽማግሌ" የሚባለው የድንጋይ ምሰሶ ከባሕሩ ጥግ ብቻውን ቆሞ ታዩታላችሁ።

ወደ ሼትላንድ የሚወስደው መርከብ ከአበርዲን ይነሳል። በቀጥታ በሚሄድበት ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለርዊክ ይደርሳል። በኦርክኒ በኩል ዞሮ በሚሄድበት ቀን ቀደም ብሎ ይነሳል። መኝታ ክፍል ለመያዝ በአውሮፓ የበጋ ወራት በጣም መቅደም ያስፈልጋል። እኔ ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ወንበር ላይ አድሬ አውቃለሁ፤ ሰሜን ባሕር ሲነሳ የቆጠብኩት ገንዘብ ዋጋው ታየኝ። ሆዱ የማይችል ሰው በአውሮፕላን ይሂድ። ሁለቱም ጋ ከኤድንብራ፣ ከግላስጎ፣ ከአበርዲንና ከኢንቨርነስ በረራ አለ፤ ጭጋግ ሲወርድ ግን አውሮፕላኑም ይቀራል። የሼትላንዱ የሳምብራ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ነገር ልጆችን ያስደስታል፦ መኪና መንገዱ ማኮብኮቢያውን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ አውሮፕላን ሲመጣ እንደ ባቡር መሻገሪያ መዝጊያ ይወርድና መኪናው ቆሞ ይጠብቃል።

የቪዛ ነገር ቀላል ነው። በብሪታንያ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የጉብኝት ቪዛ ያለው ሰው ለደሴቶቹ ሌላ ወረቀት አያስፈልገውም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ከ2025 ወዲህ ከመነሳቱ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ድንጋይ ለሚወድ

እዚህ ላይ ውድድር የለም፤ ኦርክኒ ናት። ስካራ ብሬ የሚባለውን መንደር በ1850 የተነሳ ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ አወጣው። ዕድሜው 5,000 ዓመት ገደማ ነው፤ የጊዛ ፒራሚዶች ሲገነቡ የስካራ ብሬ ሰዎች ለብዙ ትውልድ ኖረውበት ነበር። ወደ ቤቶቹ ውስጥ አይገባም፤ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ነው የሚታየው። እኔ ከላይ ቆሜ ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ግራና ቀኝ ያለው መደብ ነበር። በቁም የተተከሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ለመኝታ የሚሆን ሳጥን ሠርተዋል። መሐል ላይ አራት ማዕዘን ምድጃ አለ። ከበሩ ትይዩ፣ የሚገባ እንግዳ ፊት ለፊት እንዲያየው ሆኖ፣ በድንጋይ የተሠራ የዕቃ መደርደሪያ ቆሟል። የመንዝ ዘመዶቼ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ እዚህ መደብ፣ እዚያ ምድጃ፣ ፊት ለፊት ደግሞ የቤቱ እመቤት የምትኮራበት ዕቃ። እንጨት ባልነበረበት አገር ሁሉም ነገር ድንጋይ ሆነ፤ ድንጋይ በመሆኑም ሳይጠፋ ቆየ።

ከዚያ በመኪና ብዙም ሳይርቅ የብሮድጋር የድንጋይ ክብ አለ። መጀመሪያ 60 ያህል የቆሙ ድንጋዮች እንደነበሩበት ይገመታል። በአጠገቡ ሜስሃው የሚባል በካብ የተሠራ የመቃብር ቤት አለ፤ በረጅሙና በጠባቡ መግቢያው በኩል፣ ቀን እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን፣ የምትጠልቀው ፀሐይ ብርሃን ገብታ የኋላውን ግድግዳ ትመታለች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን ሰዎች ሰብረው ገብተው በራሳቸው ፊደል ግድግዳውን ሞነጫጭረውታል። አንዱ ስለ አንዲት ቆንጆ ሴት ጽፏል፤ ሌላው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ስሙን ቀርጾ "ከፍ አድርጌ ጻፍኩ" ብሎ ተኩራርቷል። ሜስሃው የሚገባው በቡድንና ከአስጎብኚ ጋር ስለሆነ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ከ1999 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በበጋ የኦርክኒ ዋና ከተማ በሆነችው በከርክዎል ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ይቆማሉ፤ በአንድ ጠዋት በሺህ የሚቆጠር ሰው ይፈስሳል። የወደቡ የመርከብ መርሐ ግብር አስቀድሞ ይወጣል። እሱን አይታችሁ ስካራ ብሬን በመርከብ ቀን አትሂዱ፤ ግድ ከሆነም ማልዳችሁ ወይም አመሻሽ ላይ ሂዱ።

ከርክዎል ውስጥ በ1137 የተጀመረው የቅዱስ ማግነስ ካቴድራል አለ፤ ቀይና ቢጫ ድንጋዩ ምሽት ላይ ያምራል። እኔን ያቆመኝ ግን ሌላ ቤተ ጸሎት ነው። በ1939 የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ስካፓ ፍሎው ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ሾልኮ ገብቶ "ሮያል ኦክ" የተባለውን የጦር መርከብ ከ800 በላይ ሰው ይዞ አሰጠመው። ብሪታንያ መግቢያዎቹን በድንጋይና በኮንክሪት ለመድፈን ወሰነች፤ ሥራው ላይ ከተሠማሩት መካከል በሰሜን አፍሪካ የተማረኩ ጣሊያኖች ነበሩበት። ምርኮኞቹ ሁለት የቆርቆሮ ጎጆዎች አግኝተው ጫፍ ለጫፍ ገጠሟቸውና ቤተ ክርስቲያን አደረጓቸው። ዶሜኒኮ ኪዮኬቲ የተባለው ሠዓሊ የውስጡን ግድግዳና ጣሪያ የተጠረበ ድንጋይ አስመስሎ ቀባው፤ መብራቶቹ የተሠሩት ከሥጋ ጣሳ ነው። በ1960 ተመልሶ መጥቶ አድሶታል። ስለ ጣሊያን ወታደር ከአያቶቹ የሰማው ሌላ የሆነ ሰው ሲገባ ስሜቱ ድብልቅልቅ ይላል። የእኔም እንደዚያ ሆነ። ቢሆንም ብዙ ተቀመጥኩ።

ሼትላንድ ድንጋይ የላትም ማለት አይደለም። በደቡብ ጫፏ ያለው ያርልስሆፍ የ4,000 ዓመት መኖሪያ ተደራርቦ የሚታይበት ቦታ ነው። ሙሳ በምትባል ደሴት ላይ ደግሞ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተካበ፣ 2,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ 13 ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ግንብ ቆሟል። ግድግዳው ድርብ ነው፤ በሁለቱ ካቦች መካከል ባለው ደረጃ እየተሽከረከሩ እስከ አናቱ ይወጡበታል። ነገር ግን ሰው ሙሳ የሚሄደው ለግንቡ ብቻ አይደለም።

ወፍና ባሕር ለሚወድ

በሙሳ ካብ ስንጥቆች ውስጥ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር የባሕር ወፍ ትፈለፍላለች። በደሴቲቱ ላይ ከ10,000 ጥንድ በላይ አሉ፤ ቀን ግን አንዷም አትታይም። ትልልቆቹ ወፎች ስለሚበሏቸው ወደ ጎጇቸው የሚመለሱት በጨለማ ነው። ስለዚህ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ በተወሰኑ ሌሊቶች ጀልባ ጎብኚ ይዛ ትሄዳለች። ሰኔ አጋማሽ ላይ በለርዊክ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሰላሳ ሲሆን ተመልሳ ትወጣለች። በመካከሉ ያለው ጨለማ ሳይሆን ድንግዝግዝ ነው። በዚያ ድንግዝግዝ ጆሮዬን ካቡ ላይ አስጠጋሁ፤ ከድንጋዩ ውስጥ እንደ ድሮ የልብስ ስፌት መኪና ያለ ድምፅ ይመጣል፤ ይርገበገብና መሐል ላይ ስቅ ይላል። ወዲያው አንዷ እንደ ሌሊት ወፍ ጉንጬን ታክካ አለፈች። ስለ ሼትላንድ አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ የምነግራችሁ ይህን ነው።

ፓፊን የሚባለውን ባለ ቀለም ምንቃር ወፍ ለማየት ሁለቱም ደሴቶች ይሆናሉ፤ ሼትላንድ ግን ታቀልላለች። ሳምብራ ጫፍ ላይ በ1821 የተሠራ የመብራት ማማ አለ፤ መኪናችሁን አቁማችሁ ጥቂት ከተራመዳችሁ ወፎቹ ከግንብ አጥሩ ማዶ በክንድ ርቀት ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። የሚገኙት ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። ፍልሰታ ሲገባ እነሱ ወደ ባሕር ሄደዋል፤ "በኦገስት እረፍት አለኝ" የሚል ወዳጅ ለፓፊን ብሎ ባይደክም ይሻላል።

በሰሜን ጫፍ አንስት በምትባለው ደሴት ሄርማነስ የሚባል ገደል አለ፤ ለመድረስ ሁለት የመኪና ጀልባ መሻገርና በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ገደሉ ከነጭ የባሕር ወፎች ብዛት የተነሳ በረዶ የጣለበት ይመስላል። መንገዱ ላይ "ቦንክሲ" የሚሉት ቡናማ ወፍ ግዛቱን ይጠብቃል። በ2022 የወፍ ጉንፋን ክፉኛ ፈጅቶታል፤ የተረፈው ግን ቁጣው አልቀነሰም። ጎጆው አጠገብ ሳላውቅ ስደርስ ከኋላዬ መጥቶ ባርኔጣዬን አሽቀንጥሮታል። ዘንግ ያዙ፤ ከራሳችሁ በላይ ከፍ ካደረጋችሁት የሚመታው ዘንጉን ነው።

ኦርክኒ ዝቅ ያለችና ለም ናት፤ ከወፉ ይልቅ ከብቱ ይበዛል። እዚያም ቢሆን የሚደነቅ አይጠፋም። ኖርዝ ሮናልድሴይ በምትባለው ደሴት በ1832 ዙሪያዋን የታጠረ የድንጋይ ካብ አለ። ካቡ በጎቹን የሚከለክለው ከባሕር ሳይሆን ከማሳው ነው፤ በጎቹ ከካቡ ውጭ በባሕር ዳርቻ ሆነው የባሕር ሣር ይበላሉ። ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ ያለው በረራ ደግሞ በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ ነው፤ ርቀቱ 2.7 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው ከሁለት ደቂቃ በታች። ቀበቶ አስራችሁ ሳትጨርሱ ትወርዳላችሁ።

ሱፍና ቂጣ

ሹራብ የምትሠራ እህት ወይም አክስት ካለቻችሁ ነገሩ አለቀ፤ ሼትላንድ ውሰዷት። በመስከረም መጨረሻ አካባቢ የሱፍ ሳምንት ይከበራል። በአንስት የሚሠራው የሱፍ ሻርፕ ከነጠላ የሳሳ ነው፤ ትልቁ ሻርፕ ተጠቅልሎ በጋብቻ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። እኛ ዳለቻ፣ ቡላ፣ ቡሬ እያልን የከብት ቀለም እንደምንለይ እነሱም ለበጎቻቸው ሙሪት፣ ሼላ፣ ኤምስኬት የሚሉ የቆዩ ስሞች አሏቸው። ሙሪት ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ሁለቱ ግራጫዎች ናቸው፣ ልዩነታቸውን ለማየት ግን የእነሱ ዓይን ያስፈልጋል።

በምግብ ሁለቱም የገበሬ ቤት ናቸው። ሼትላንድ ላይ የበግ ሥጋ በጨው ውኃ ሰንብቶ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ድሮ የሚያጨሰው ከረግረግ ተቆርጦ ደርቆ እንደ ኩበት የሚነድ አፈር ነበር። በድንችና በሥራሥር ሾርባ ይሆናል። የቋንጣ ፍርፍር ሽታ ናፍቆት ለሚያቃጥለው ሰው ሩቅ አይደለም፤ በርበሬ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ኦርክኒ ላይ በሌላው አገር ሊጠፋ የተቃረበ ጥንታዊ ገብስ አሁንም ይዘራል። በርሴይ ያለው የባሮኒ ወፍጮ ዛሬም በውኃ ኃይል ይፈጨዋል፤ ከዱቄቱ የሚጋገረው ጠቆር ያለ ወፍራም ቂጣ በቅቤ ሲበላ የትኛውንም የደጋ ልጅ አያሳፍርም።

በክረምት ለሚደፍር

በአውሮፓ ክረምት ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ ነፋሱም አይጣል ነው። የሚሄድ ሰው ለበዓል ነው የሚሄደው። ለርዊክ በጃንዋሪ የመጨረሻ ማክሰኞ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው ችቦ ይዞ ይወጣል፤ ወራት የፈጀ የእንጨት መርከብ ጎትተው ይወስዱና በችቦ ያቃጥሉታል። ደመራ አይቶ ላደገ ሰው የእሳቱ ግለት አዲስ አይደለም፤ የለፉበትን መርከብ ማቃጠላቸው ግን ይገርመዋል። ሴቶች በለርዊክ ሰልፍ ውስጥ መሰለፍ የጀመሩት በ2023 ነው።

ከርክዎል ደግሞ በገና ቀንና በአዲስ ዓመት ቀን ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ አንዲት የቆዳ ኳስ ይጋፉባታል። የወደብ ሰፈር ቡድን ኳሷን ባሕር ለማስገባት፣ የላይኛው ሰፈር ቡድን በሌላው ጫፍ ካለ ግንብ ለማስነካት ይታገላል። ባለ ሱቆች መስኮታቸውን በሳንቃ ይሸፍናሉ። ዳኛ የለም፤ ግፊያው ሰዓታት ይወስዳል። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለው እዚያም የሚሠራ ይመስላል፤ በማግስቱ ጠላትነት አላየሁም።

ስለ ፋሮ ጥቂት

"ፋሮስ?" የሚሉኝ አሉ። ተራራና ፏፏቴ ለሚፈልግ ጠንካራ ተጓዥ ፋሮ ሁለቱን ታስከነዳለች፤ 18 ደሴቶቿ ከባሕር ቀጥ ብለው የወጡ ናቸው፣ ከፍተኛው ጫፍ 880 ሜትር ነው፣ በ2020 የተከፈተው ዋሻ ከባሕር በታች የመኪና አደባባይ አለው። ችግሩ ሌላ ነው። ፋሮ በዴንማርክ ሥር ራሷን የምታስተዳድር፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነች አገር ናት። ዴንማርክ የሰጠችው የሸንገን ቪዛ እንኳ ለፋሮ እንደሚያገለግል ካልተጻፈበት አያስገባም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ይህን በማመልከቻው ጊዜ ጠይቆ ያስጽፍ። ብዙ የእግር መንገዶችም በግል መሬት ስለሚያልፉ ክፍያ አላቸው። ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክራትም።

ስንት ሌሊት?

አራት ሌሊት ያለው ኦርክኒ ይሂድ። ትንንሽ ልጆች ወይም ጉልበታቸው የደከመ እናት አባት ይዛችሁ ከሆነም እዚያው፤ የሚታየው ሁሉ ለመኪና መንገድ ቅርብ ነው፣ ባሕሩም አጭር ነው። ከሰባት ሌሊት በታች ይዞ ሼትላንድ መሄድ ግን አይጠቅምም፤ አንድ ቀን ለጭጋግ፣ አንድ ቀን ለነፋስ አስቀምጡለት። የእኔ ልብ ያለው ሼትላንድ ነው፤ ለማላውቀው ሰው ግን ኦርክኒን እመክራለሁ፣ ወቀሳ ስለማይመጣብኝ።

ባለፈው ዓመት አንዲት አዛውንት ዘመዴ ይህን ሁሉ አዳምጠው "ገናን በእኛ ቀን የሚያከብር የለም?" አሉኝ። አለ። ከሼትላንድ በስተ ምዕራብ ፉላ የምትባል 30 ያህል ሰው የሚኖርባት ደሴት አለች። ብሪታንያ በ1752 አቆጣጠሯን ስትቀይር የፉላ ሰዎች የድሮውን አልተዉም፤ ገናቸው ጃንዋሪ 6፣ አዲስ ዓመታቸው ጃንዋሪ 13 ነው። የእኛ ገና በማግስቱ ነው። ዘመዴ ወዲያው ጓዝ ማሰናዳት ጀመሩ። እኔም የነገርኳቸው ይህን ብቻ ነው፦ ትንሿ አውሮፕላንም ጀልባዋም የምትንቀሳቀሰው አየሩ ሲፈቅድ ነው፤ ለሦስት ቀን ከሄዱ የስምንት ቀን ስንቅ ይያዙ፣ ድርቆሹንም ከላይ ያድርጉት።